መሸኛውና ሰውየው

ከእኛ መካከል ሪፖርት ካርድ ይዞ ወደ ቤቱ ያልሄደ የለም። በዚያ ካርድ ላይ ከሒሳቡና ከአማርኛው፣ ከእንግሊዝኛውና ከሳይንሱ ሁሉ ዝቅ ብላ የተቀመጠች አንዲት መሥመር አለች፤ «ጠባይ» ትላለች። እኔ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ የክፍላችን መስኮት ተሰበረ። ሰባሪው አልታወቀም። የክፍላችን ኃላፊ መምህር «አውጡ!» አሉን፤ ዝም አልን። አብዛኞቻችን ዝም ያልነው ስላላወቅን ነበር፤ ምናልባት አንድ ሁለቱ ስላወቁ ይሆናል። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ከኋላ የተቀመጥነው ሁለት ረድፍ ልጆች በሙሉ በጠባይ «ሐ» አገኘን። አባቴ ካርዱን ሲቀበሉ የሒሳቡን 92 አላዩትም፤ ጣታቸው በቀጥታ የሄደው ወደዚያች «ሐ» ነው። «ይኼ ምንድን ነው?» አሉኝ። ምን ብዬ ላስረዳ? ወረቀቱ አስቀድሞ ተናግሯል፤ እኔ ደግሞ ልጅ ነኝ።

ይህችን ትንሽ ቂም ያስታወሰኝ ትልቅ ነገር ነው። ባለፈው ወር አንድ የዶርም ጓደኛችን ስለ አክስቱ ልጅ አጫወተን። ልጁ አሜሪካ ገብቶ፣ የአሜሪካንን ጦር ተቀላቅሎ፣ እዚያው በውትድርናው ዜግነት አግኝቶ፣ ሦስት ዓመት ያህል ካገለገለ በኋላ ተሰናበተ። መሰናበቱስ ባልከፋ ነበር፤ መሸኛው ግን «ከክብር ውጭ በሆነ ሁኔታ» ይላል። ጥፋቱ ምን እንደሆነ ጓደኛችን በቅጡ አያውቅም። ከጦር ክፍሉ ጠፍቶ እንደነበረ፣ ክስ እንደተዘጋጀበት፣ ከዚያም «ጦር ፍርድ ቤት ከምቀርብ አሰናብቱኝ» ብሎ ራሱ እንደ ፈረመ ብቻ ሰምቷል። አክስቱ ዛሬም ለጎረቤት የሚሉት «ልጄ ወታደርነቱን ጨርሶ ወጣ» ነው። የነገራቸው የለም።

መቼስ ዶርም ውስጥ ወሬ ክርክር ሳይሆን አያድርም። አንዱ «ያጠፋ ይቀጣ! ፈርሞ ገባ፣ ፈርሞ ወጣ፤ እኛን ምን አንጫጫን?» አለ። ሌላው «እንዴ! ሳይፈረድበት እንዴት የዕድሜ ልክ ስም ይለጠፍበታል?» ብሎ ተነሣ። ሦስተኛው ብርድ ልብሱን እየተከናነበ «ክብር በወረቀት አይሰጥ፣ በወረቀት አይነሣ፤ ተኙ በቃ» አለን። መብራቱ ጠፋ፤ ክርክሩ ግን አልተቋጨም። እኔም ነገሩን ሳገላብጥ ሰነበትሁ። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ክብርን የሰጠ አካል ክብርን መልሶ የመንሣት መብት አለው ወይ? ካለውስ በምን ሥርዓት? (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

፩

አስቀድመን መሸኛውን እንወቀው። ከአሜሪካ ጦር የሚወጣ ወታደር ዲዲ 214 የሚባል ወረቀት ይሰጠዋል። በዚያ ላይ የአገልግሎቱ ጠባይ ይጻፋል። ከላይ «በክብር» የሚለው አለ። ከእሱ ዝቅ ብሎ ጠቅላላ ስንብት የሚባለው፣ ይኸውም «በክብር ሁኔታ ሥር» የሚለው አለ፤ ሲሰሙት መልካም ይመስላል፤ ነገር ግን ወታደሩ ለትምህርቱ መክፈያ ያጠራቀመውን ጥቅም ያስቀርበታል። ሦስተኛው «ከክብር ውጭ በሆነ ሁኔታ» የሚለው ነው። አራተኛው የመጥፎ ጠባይ ስንብት፣ አምስተኛውና የመጨረሻው የውርደት ስንብት ነው።

በእነዚህ በአምስቱ መካከል አንድ መሥመር ተሠምሯል። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን መስጠት የሚችል ጦር ፍርድ ቤት ብቻ ነው፤ የውርደቱንማ ከፍተኛው የጦር ፍርድ ቤት ብቻ። እዚያ ጥፋቱ ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ መረጋገጥ አለበት። ሦስተኛው ግን ፍርድ አይደለም፤ የአስተዳደር ውሳኔ ነው። የሚጠየቀውም ማስረጃ ሚዛን የሚደፋ ያህል፣ ማለትም «ሆኗል ከአልሆነም ይልቅ እውነት ይመስላል» የሚያሰኝ ያህል ብቻ ነው። የሰሚ ሰሚ ቃል እንኳ ሊቀርብ ይችላል። ታዲያ ቅጣት ካልሆነ ምንድን ነው? ሕጉ «አስተዳደር» ይለዋል፤ ተሸካሚው ግን ሥራ ሊቀጠር ሲሄድ፣ ቀጣሪው ዲዲ 214 አምጣ ሲለው፣ የቀድሞ ወታደሮች መሥሪያ ቤት ሕክምና ልስጥህ አልስጥህ ብሎ ጉዳዩን ከሥር ሲመረምርበት፣ ያ የተሸከመው ነገር ቅጣት መሆኑን ለማወቅ የሕግ መዝገበ ቃላት አያሻውም።

እንግዲህ የነገሩ ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰው ሁለት ጊዜ ሊጎዳ ይችላል፤ አንድ ጊዜ በፍርድ፣ አንድ ጊዜ በስም። ፍርዱ የሚያልቅበት ቀን አለው፤ እስር ስድስት ወር ቢሆን በሰባተኛው ወር ይወጣል። ስም ግን ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል የሰማነው ነው። ይህን ተረት የምናውቀው ለጀግና ሲነገር ነው፤ ለተዋረደም እኩል እንደሚሠራ ልብ አንለውም።

፪

ይህ ጉዳይ ሐሳብ ብቻ እንዳይመስል አንድ ታሪክ ላንሣ። እ.ኤ.አ. በ1906፣ አድዋ በሆነ በ10 ዓመቱ፣ በቴክሳስ ጠረፍ ብራውንስቪል በምትባል ከተማ ነሐሴ 13 ሌሊት ተኩስ ተተኮሰ። አንድ የመጠጥ ቤት አሻሻጭ ሞተ፤ አንድ ፖሊስ ቆሰለ። ከከተማው ጥግ በነበረው በፎርት ብራውን ጦር ሰፈር የ25ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር ጥቁር ወታደሮች ሰፍረው ነበርና የከተማው ሰው ጣቱን ወደ እነሱ ቀሰረ። ነጮቹ መኮንኖቻቸው ሳይቀሩ ወታደሮቹ በዚያ ሰዓት በሰፈራቸው እንደነበሩ መሰከሩ። ወታደሮቹ «አጥፊውን አውጡ» ተባሉ። «አናውቅም» አሉ። ይህ አለማወቃቸው ራሱ ጥፋት ሆኖ ተቆጠረ፤ የዝምታ አድማ ተባለ።

ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት 167 ወታደሮች ያለ ክብር እንዲሰናበቱ አዘዘ። ፍርድ ቤት የለም፣ ተከላካይ የለም፣ ምስክር መመርመር የለም። ከመካከላቸው ከ20 ዓመት በላይ ያገለገሉ፣ ጡረታቸው የተቃረበ ነበሩ። የኦሃዮው ሴናተር ጆሴፍ ፎሬከር ቢሟገትላቸው ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደገና እንዲቀጠሩ የተፈቀደላቸው 14 ብቻ ሆኑ። የቀሩት መሸኛቸውን ይዘው በየአገሩ ተበተኑ።

ከእነሱ አንዱ ዶርሲ ዊሊስ ይባላል። ሚኒያፖሊስ ከተማ በአንድ ፀጉር ቤት ውስጥ ጫማ እየጠረገ ወደ 60 ዓመት ያህል ኖረ። ሊስትሮ ማለት ነው። ጆን ዊቨር የተባለ ጸሐፊ በ1970 ነገሩን እንደገና መርምሮ መጽሐፍ አወጣ፤ የካሊፎርኒያው የምክር ቤት አባል ኦገስተስ ሆኪንስ ጉዳዩን ለምክር ቤት አቀረበው፤ የአሜሪካ ጦርም በ1972 የ167ቱንም ስንብት ወደ ክብር ስንብት ለወጠ። በሕይወት ተገኝቶ የካሳ ገንዘብ የተቀበለው ዊሊስ ነበር፤ 25,000 ዶላር። ክብራቸው የተመለሰው ከ66 ዓመት በኋላ ማለት ነው። አብዛኞቹ ጓደኞቹ ክብራቸው የተመለሰላቸው በመቃብር ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ «የዘረኝነት ታሪክ ነው እንጂ የመሸኛ ታሪክ አይደለም» ሊለኝ ይችላል። እውነት አለው፤ ግን ግማሹን። ዘረኝነት ክፉ ልብ ነው፤ ክፉ ልብ በሁሉም ዘመን አለ። የሚያስፈራው ክፉ ልብ የሚጠቀምበት፣ ማንም ጠያቂ የሌለው አሠራር ሲያገኝ ነው። ጦር ፍርድ ቤት ቢቀርቡ ኖሮ ከሳሽ «ይህ ሰው በዚህ ሰዓት ይህን አደረገ» ብሎ ስም ጠርቶ ማስረዳት ነበረበት። ስም ጠርቶ ማስረዳት ስላልቻለ ነው በጅምላ የተሰናበቱት። መሸኛው ፍርድ ቤትን መሸሻ ሆነ ማለት ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ይኸው ተደገመ። ያኔ በክብሩና በውርደቱ ስንብት መካከል፣ ከሁለቱም ያልሆነ፣ በወረቀቱ ቀለም «ሰማያዊ» የሚባል ስንብት ነበር። ከታኅሣሥ 1941 እስከ ሰኔ 1945 ድረስ የምድር ጦሩ 48,603 ያህል ሰማያዊ ወረቀት ሰጠ፤ 10,806ቱ ለጥቁሮች ነበር። ይህም ከመቶ 22 እጅ መሆኑ ነው፤ ጥቁሮች ግን ከጦሩ ከመቶ 7 እጅ እንኳ አይሞሉም ነበር። በግብረ ሰዶም የተጠረጠሩትም ብዙዎቹ በዚሁ በር ወጡ። ምክር ቤቱ በ1944 ባወጣው የዘማቾች ሕግ በውርደት ካልተሰናበተ በቀር ሁሉም እንዲጠቀም አስቦ ነበር፤ የሰማያዊ ወረቀት ባለቤቶችን ግን የቀድሞ ወታደሮች መሥሪያ ቤቱ ከበር መለሳቸው። ፒትስበርግ ኩሪየር የተባለው የጥቁሮች ጋዜጣ ጮኸ፤ ወረቀቱም በ1947 ቀረ። ቀረ ስል ስሙ ቀረ። በቦታው «ጠቅላላ» እና «የማይፈለግ» የሚባሉ ሁለት ስንብቶች ተተኩ፤ «የማይፈለግ» የተባለውም ቆይቶ ዛሬ «ከክብር ውጭ» የምንለው ሆነ።

፫

በአገራችን የቆየ ልማድ አለ። ሰው በሰው ላይ ዱላ ሲያነሣ ከመንገድ ዳር አንዱ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ከጮኸ ዱላው ባለበት ይቆማል። የሚጮኸው ባላባት መሆን የለበትም፤ ሴትም ልጅም ብትሆን ያው ነው። ልብ በሉ፤ በዚያች ቅጽበት ማን እንዳጠፋ ገና አልተጠየቀም። ዱላ ያነሣው ሰው ተበዳይ፣ የሚመታው ሰው ሌባ ሊሆን ይችላል። «በሕግ አምላክ» የሚለው ቃል ሌባውን ንጹሕ አያደርገውም፤ ዱላውን ብቻ ያቆመዋል። ከዚያ ወደ ዳኛ ይኬዳል።

ለወታደሩ የሕግ ጥበቃ ማለት ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ዱላው መሀል መንገድ ላይ የሚቆምበት ሥርዓት። ይህም ቀስ በቀስ፣ በብዙ ጩኸት ነው የተገኘው። ያው የ1944 ሕግ ስንብትን እንደገና የሚመረምር ቦርድ አቋቋመ፤ የተሰናበተ ሰው በ15 ዓመት ውስጥ ሊያመለክትበት ይችላል። በ1946 ደግሞ የወታደርን መዝገብ የሚያርም፣ ሲቪሎች የሚቀመጡበት ሌላ ቦርድ ተፈቀደ። በ1950 አንድ ወጥ የጦር ፍትሕ ሕግ ወጣ፤ በዚህ ሕግ 31ኛ አንቀጽ የተጠረጠረ ወታደር ከመጠየቁ በፊት የተጠረጠረበት ነገርና ዝም የማለት መብቱ ይነገረዋል። ሲቪሉ አሜሪካዊ ይህን የመሰለ ማስጠንቀቂያ ያገኘው ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ1966 ነው። እንግዲህ ጦሩን ሁልጊዜ የጨለማ ምሳሌ ማድረግም ሐቅ አይሆንም።

በ1958 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሃርመን በብረከር ላይ ባቀረበው ክስ አንድ ቁም ነገር ተናገረ። ወታደሮቹ ዝቅ ያለ ስንብት የተሰጣቸው ጦሩን ከመቀላቀላቸው በፊት በነበራቸው የፖለቲካ ዝንባሌና ጉድኝት ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን የመሸኛው ዓይነት የሚወሰነው በውትድርና ዘመን በተመዘገበው አገልግሎት ነው፣ ሚኒስትሩ ከሥልጣኑ አልፏል አለ። በእኔ ዓይን ይህ ትልቅ የሥነ ምግባር ትምህርት ነው። መሸኛ የሰውን ሁለንተና የሚመዝን ሚዛን አይደለም፤ ለአንድ ሥራ የተሰጠ የአንድ ዘመን ምስክር ነው። ከተመደበበት አልፎ የሰውየውን ነፍስ ልመዝን ካለ ወሰን አልፏል።

ዛሬ ያለው አሠራር ይህን ይመስላል። ጦሩ አንድን ወታደር ከክብር ውጭ ሊያሰናብተው ሲያስብ በጽሑፍ ያስታውቀዋል። ወታደሩ ከሦስት ባላነሱ አባላት ፊት እንዲሰማ የመጠየቅ መብት አለው። ነፃ የጦር ጠበቃ ይሰጠዋል፤ ገንዘብ ካለው ሲቪል ጠበቃ ያቆማል። ምስክር ያቀርባል፣ የቀረበበትን ይጠይቃል። ጠቅላላው ስንብት ብቻ ሲታሰብለት ግን ይህን ቦርድ የሚያገኘው 6 ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለ ነው፤ የ19 ዓመቱ ጀማሪ ወታደር በጽሑፍ መልስ ከመስጠት በቀር ማንም ፊት አይቆምም። ማስረዳት የማይችለው፣ የሕግ ቋንቋ የማያውቀው እርሱ መሆኑ ነው የሚገርመው።

የአእምሮ ጉዳት ጉዳይም አለ። ከቬትናም ተመልሰው ሌሊት የሚጮኹ፣ የሚጠጡ፣ ከክፍላቸው የሚጠፉ፣ አለቃቸውን የሚሰድቡ ወታደሮች ነበሩ። ያኔ ይህ ሁሉ «ጠባይ» ነበር። ሐኪሞች ከአሠቃቂ ነገር በኋላ የሚከተለውን የአእምሮ ጭንቀት በመዝገባቸው ስም ያወጡለት በ1980 ነው፤ ብዙዎቹ ግን ከዚያ በፊት ክፉ ወረቀታቸውን ይዘው ወጥተዋል። በሽታው ስም ሳያገኝ በሽተኛው ስም ተሰጠው። በ2009 በወጣ ሕግ ባሕር ማዶ ዘምቶ የነበረና ይህ ጭንቀት ወይም የጭንቅላት ጉዳት የታየበት ወታደር በአስተዳደር ውሳኔ ከክብር ውጭ ከመሰናበቱ በፊት በሐኪም እንዲመረመር ተደነገገ። በ2014 ደግሞ የመከላከያ ሚኒስትሩ ቸክ ሄግል፣ ራሱ የቬትናም ዘማች ነው፣ መዝገብ አራሚ ቦርዶች እንዲህ ያለውን አቤቱታ በለዘበ ዓይን እንዲያዩት አዘዘ። 2017 ላይ መመሪያው ሰፋ።

፬

አሁን ወደ ዶርማችን ክርክር ልመለስ፤ ሦስቱም ጓደኞቼ መልስ ይገባቸዋልና።

የመጀመሪያው «ፈርሞ ገባ» ያለው ነው። ይህ ደካማ ክርክር አይደለም። ሶቅራጥስም ከእስር ቤት አምልጥ ሲባል በዚህች ከተማ ሕግ ሥር 70 ዓመት ኖሬ ዛሬ ሲከፋኝ እንዴት ውሉን አፈርሳለሁ ብሏል። ወታደር ቃል ገብቷል፤ ሥርዓት የሌለው ጦር ደግሞ መንጋ ነው፣ ሰውም ያስፈጃል። ግን ውል ሁለት ወገን አለው። ወታደሩ ሕይወቱን ለመስጠት ሲፈርም መንግሥት ደግሞ ምን ፈረመ? እስቲ አንድ ነገር እናስብ። በ1950 ፌረስ በተባለው ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወታደር ከአገልግሎቱ ጋር በተያያዘ ለደረሰበት ጉዳት መንግሥትን በካሳ ሊከስ አይችልም ብሏል። የእኛዎቹ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ይሉ የነበረው ዓይነት ነው። እንግዲህ መክሰሱ ከተዘጋበት፣ በሥራው መሀል ልልቀቅ ቢል ከማይለቀቅ ሰው ላይ ክብሩንም ያለ በቂ ሥርዓት መውሰድ ምን የሚሉት ውል ነው? እኛ የበሉበትን ወጭት ሰባሪ ብለን ውለታ ቢሱን እናወግዛለን። ወጭቱን የሚሰብረው ግን ሁልጊዜ ተመጋቢው ነው ወይ? አገር ከወታደሯ ጉልበት በልታ ስሙን ብትሰብረውስ?

«ፈርሞ ወጣ» የሚለው ደግሞ የባሰ መመርመር ይገባዋል። የአክስትየው ልጅ ያደረገው በሕጉ የተፈቀደ ነገር ነው፤ ጦር ፍርድ ቤት ከመቅረብ ይልቅ ልሰናበት ብሎ ማመልከት። ሲፈርም ጠበቃ እንዲያነጋግር ዕድል ይሰጠዋል። በወረቀት ላይ ነፃ ምርጫ ነው። ግን የ22 ዓመት ልጅ በአንድ በኩል እስር፣ በሌላ በኩል የአውሮፕላን ቲኬትና ቤቱ ቢቀመጡለት የትኛውን ያያል? እስሩ የዛሬ ነው፤ ስሙ የሚበላሸው የነገ ነው። የዛሬ ፍርሃት የነገን ኪሳራ ይሸፍናል። ፍርሃት ያለበት ምርጫ ሁሉ ባዶ ነው አልልም፤ እንዲያ ካልን ምንም ውል አይቆምም። የምለው፣ ሰው በፍርሃት ያስረከበውን ነገር በሰከነ ቀን መልሶ የሚጠይቅበት በር ሊኖረው ይገባል ነው። የ15 ዓመቱ በር ለዚህ ነው የሚያስፈልገው።

ሦስተኛው፣ ብርድ ልብሱን የተከናነበው ጓደኛችን፣ ሳያውቀው ከትላልቅ ፈላስፎች ጋር ተስማምቷል። አርስቶትል ክብር ከተቀባዩ ይልቅ በሰጪው እጅ ያለ ነገር ነውና የሕይወት ከፍተኛ ግብ ሊሆን አይችልም ይላል። ባሪያ የነበረው ኤፒክቴተስም ዝናና ማዕረግ በእጃችን ካልሆኑት ነገሮች ውስጥ ናቸውና ልብህን አትጣልባቸው ይላል። መልካም። ዶርሲ ዊሊስ በልቡ ንጹሕ መሆኑን ያውቅ ነበር፤ ማንም ያንን አልወሰደበትም። ግን 60 ዓመት ጫማ ጠረገ። የውስጥ ክብር እንጀራ አይጋግርም። ይህን ምክር ተበዳይ ለራሱ ቢሰጠው ጥበብ ነው፤ እኛ ለተበዳይ ስንሰጠው ግን ግፍን በፍልስፍና መሸፋፈን ይሆናል።

እኔን ያስቸገረኝ አራተኛው ክርክር ነው፤ በዚያ ሌሊት ማንም አላነሣውም። የክብር ስንብት ለሁሉም የሚሰጥ ከሆነ በእውነት በክብር ያገለገለው ምን አገኘ? ጓደኛውን የደፈረ፣ በተኛበት የዘረፈ፣ በጦርነት ሲቪል የገደለ ወታደር አለ። የተደፈረችው ወታደር መሸኛዋን ስታይ በዳይዋ ያንኑ ወረቀት ይዞ ሲሄድ ብታይ ፍትሕ ነው? አይደለም። ስለዚህ ሊታጣ የማይችል ክብር ክብር ነው ማለት አልችልም። ፕሬዚዳንት ካርተር በ1977 ለቬትናም ዘመን ተሰናባቾች መሸኛቸውን በቀላሉ የሚያሻሽሉበት ፕሮግራም ሲከፍት ምክር ቤቱ በዚያው ዓመት እያንዳንዱ ጉዳይ ለብቻው እንደገና ካልታየ ጥቅም አይሰጥም የሚል ሕግ ያወጣው ይህ ስጋት ስላለ ነው። ሕጉ ብዙ ችግረኛ ዘማች ጎድቷል ይባል ይሆናል። ሐሳቡን ግን ላጣጥለው አልቻልሁም። በጅምላ መንሣት ግፍ ከሆነ በጅምላ መመለስም ከግፍ ባይቆጠር እንኳ ፍርድ አይባልም።

መልሴ እንግዲህ ከዚሁ ክርክር ሆድ ይወጣል። በእውነት በክብር ያገለገለውን የሚጠብቀው ጥፋተኛውን ቶሎ ማባረር አይደለም፤ በትክክል መለየት ነው። ስም እየተጠራ፣ ድርጊቱ እየተገለጠ፣ ሰውየው እየተሰማ። ማንም ሳይሰማ የሚወሰድ ክብር ለያዙትም ሰዎች ዋስትና የለውም፤ ዛሬ ከጎረቤቴ በአንድ ፊርማ ከተወሰደ የእኔም በእጄ ያለው አለቃዬ ዛሬ ስላልተቆጣ ብቻ ነው። ስለዚህ ቦርዱ፣ ጠበቃው፣ የሐኪሙ ምርመራ፣ የይግባኙ በር ለአጥፊ የሚደረግ ርኅራኄ አይደሉም። «በክብር» የሚለው ቃል ትርጉም እንዲኖረው የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። በዚህ ምክንያት የ19 ዓመቱም ጀማሪ ቦርድ ፊት ሊቆም ይገባዋል እላለሁ፤ ሕጉም በዚህ ላይ ይጎድላል።

፭

«በሰው አገር ጦር ምን አገባን?» የሚል አለ። አግብቶናል። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ2008 ተፈቅዶ በ2016 ቅበላው በቆመው ፕሮግራም ቋሚ መኖሪያ የሌላቸውን የውጭ አገር ሰዎች በሚያውቁት ቋንቋ ሲመለምል አማርኛ ከተፈለጉት ቋንቋዎች አንዱ ነበር። በመኖሪያ ፈቃድ የገቡትም አሉ። በውትድርና ዜግነት ያገኘ ሰው 5 ዓመት በክብር ሳያገለግል ከክብር ውጭ ከተሰናበተ ዜግነቱ ሊሠረዝ እንደሚችል የአሜሪካ ሕግ ይናገራል። ለተወላጁ አሜሪካዊ ክፉ መሸኛ ሥራና ሕክምና ያሳጣው ይሆናል፤ ለእኛ ልጅ ግን የቆመበትን መሬት ሊያናውጥበት ይችላል። አንድ ቃል በሁለት ሰው ላይ እኩል አትከብድም።

ይህን ሁሉ ካነበብሁ በኋላ ለጓደኛችን ነገርሁት። ልጁ ገና ጊዜ አለው፤ 15 ዓመቱ አልሞላም፤ መዝገቡን ጠይቆ፣ የታመመ እንደሆነ የሐኪም ማስረጃ አያይዞ ሊያመለክት ይችላል። ላይሳካለትም ይችላል። በእርግጥ አጥፍቶ ከሆነም ጥፋቱ ጥፋት ነው፤ ቢያንስ ግን አንድ ጊዜ ይሰማል። ጓደኛችን ዝም ብሎ አዳመጠኝና «ለአክስቴስ ምን ልበላት?» አለኝ።

ለዚህ መጽሐፍ ውስጥ መልስ አላገኘሁም። ያሰብሁትን ነገርሁት፦ ወረቀቱን አስቀድመህ አታሳያቸው፤ ልጁ ራሱ ይደውልና የሆነውን ከመጀመሪያው ጀምሮ ይንገራቸው፤ ወረቀቱ ከዚያ በኋላ ይምጣ። እኔም ያን ጊዜ አባቴ ካርዱን ከመቀበላቸው በፊት ስለ መስኮቱ ነግሬአቸው ቢሆን ኖሮ ምናልባት ጣታቸው በ92ቷ ላይ ትንሽ ይቆይ ነበር።